ለእረፍት መጥቼ የሞተር ጎማ ስቀይር ያየሁት አገልግሎት

ለእረፍት ሀገር ቤት መጥቼ ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ሁሉ ልጽፍበት የፈለግኩት አንዱን ብቻ ነው፤ የሞተር ጎማ ቅየራን። ስለ በረራውና ስለ ማረፊያው የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። ስለ ጎማ ግን የሚያወራ ጥቂት ነው። ሞተር ሳይክል መሬት የሚነካው እያንዳንዳቸው መዳፍ በምታክል ሁለት ቦታ ነው። ፍሬኑም፣ ጉልበቱም፣ የነጂው ችሎታም የሚሠራው በዚያች ቦታ በኩል ነው።

ሞተሩ የታላቅ ወንድሜ ነው። ረጅም መንገድ የሚሄድ፣ ሻንጣ የሚሸከም፣ ኩርባም የሚወድ ዓይነት። ገና ስወጣበት አንድ ነገር ተሰማኝ። ኩርባ ላይ ሳጋድለው መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ከዚያ ድንገት ዘንበል ይላል። ወርጄ የኋላውን ጎማ አየሁት። ዳርና ዳሩ ጥርስ አለው፣ መሃሉ ግን ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። ቀጥ ባለ አስፋልት ብዙ የተነዳ ጎማ እንዲህ ነው የሚያልቀው። ወንድሜ ቀስ በቀስ ስለለመደው አልታወቀውም፤ በየቀኑ የሚነዳ ሰው ለውጡን አያየውም። ስለዚህ ዓይናችሁን ሳይሆን ምልክቱን እመኑ። በጎማው ጎን ላይ ቲ ደብሊው አይ (TWI) የሚል ጽሑፍ ወይም ትንሽ ሦስት ማዕዘን ፈልጉ። በዚያ ትይዩ፣ በቦዩ ውስጥ ከፍ ያለች ጉብታ አለች። ጥርሱ ከእሷ እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል።

የመረጥነው ስፖርት ቱሪንግ የሚባለውን ነው። የስፖርት ጎማ ሲሞቅ በጣም ይይዛል፤ ግን ቶሎ ያልቃል፣ በቀዝቃዛና በዝናብ ደግሞ አይመችም። ለጉዞ ብቻ የሚሠራው ብዙ ይቆያል፤ ኩርባ ላይ ግን እንደዚያኛው አይተማመኑበትም። ስፖርት ቱሪንግ በሁለቱ መካከል ነው። በአብዛኞቹ ላይ መሃሉ ጠንከር ያለ ጎማ ነው፣ እንዳያልቅ። ጎንና ጎኑ ለስለስ ያለ ነው፣ ሲጋደል እንዲይዝ። ሲሊካ የሚባል ማዕድን ስለሚገባበትም እርጥብ አስፋልት ላይ ጥሩ ነው። ለጭቃና ለፒስታ ግን አይደለም፤ የጉዟችሁ ግማሽ ኮረት ከሆነ ሌላ ዓይነት ፈልጉ።

ስም ልጥራ ካላችሁኝ ሚሽለን ሮድ 6፣ ፒሬሊ ኤንጅል ጂቲ 2፣ ሜትዘለር ሮድቴክ፣ ብሪጅስቶን ቲ32፣ ደንሎፕ ሮድስማርት 4፣ ኮንቲኔንታል ሮድአታክ 4 ሁሉም በዚህ ረድፍ ናቸው። ሰው በእነዚህ መካከል ሲከራከር ያመሻል። እኔ ግን ለተራ ነጂ ልዩነታቸው ያን ያህል አይደለም ባይ ነኝ። ትኩስ የሆነው፣ ልኩ ትክክል የሆነው፣ በደንብ የተገጠመው ይበልጣል። አገልግሎቱ የሚመዘነውም በዚህ ነው።

መጀመሪያ የሄድንበት ጎማ ቤት አልተመቸኝም። የሞተሩ የኋላ ጎማ 180/55 ዜድ አር 17 ነው። 180 በሚሊ ሜትር የተለካው ስፋቱ ነው። 55 የጎኑ ቁመት ነው፤ ከስፋቱ 55 በመቶ ማለት ነው። 17 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ቀጥሎ 73 ደብሊው ተጽፏል። 73 ማለት ጎማው 365 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ደብሊው የፍጥነት ደረጃው ነው። ሻጩ ያቀረበልን 190/50 ነበር። «ሰፋ ቢል ይሻላል እንጂ አይጎዳም» አለ። አይደለም። ቸርኬው ለ180 የተሠራ ከሆነ ሰፊው ጎማ ተጨብጦ ቅርጹ ይቀየራል፤ ሞተሩም ኩርባ ለመግባት ይከብዳል። ትክክለኛው ልክ በሞተሩ መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ በብዙ ሞተሮች ካቴናው አጠገብ ባለው ተለጣፊ ላይም አለ። ሻጭ ባለው ዕቃ ልክ ሲያወራችሁ እሱን አሳዩት።

የማምረቻ ቀኑን ስጠይቅ ደግሞ «አዲስ ነው፣ ከነላስቲኩ ነው» የሚል መልስ ብቻ ነው ያገኘሁት። ላስቲክ ውስጥ ያለ ጎማም ያረጃል። በጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ቁጥሩ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእኛው እያሰባችሁ እንዳትሳሳቱ። ሚሽለን ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ ባለሙያ እንዲያየው፣ ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም እንዲቀየር ይመክራል። ያሳዩን ጎማ ዕድሜው ገፍቶ ነበር። አመስግነን ወጣን።

ሁለተኛው ቤት ሌላ ነገር ነው። የሸጠችልን ልጅ ገና ጎማ ሳታወርድ ጥያቄ ጀመረች። ሰው ትጭናላችሁ? ሻንጣ አለው? አብዛኛው መንገዳችሁ ምን ዓይነት ነው? ጥያቄው ለወሬ አልነበረም። ከእነዚህ ጎማዎች አንዳንዶቹ በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ይመጣሉ። ከባድ ሞተር ላለው፣ ሰውና ሻንጣ ለሚጭን፣ ጎኑ የተጠናከረ አለ። ሚሽለንና ብሪጅስቶን ጂቲ ብለው ይጽፉበታል። የወንድሜ ሞተር መካከለኛ ክብደት ስለሆነ «ተራው ይበቃችኋል፤ ጠንካራው ለእናንተ ይደርቅባችኋል» አለችን። ውዱን ትታ ርካሹን የምትመክር ሻጭ ሳገኝ ደስ ይለኛል። ቀኑንም ሳንጠይቃት ባትሪ አብርታ አሳየችን።

የፊቱ ጎማ ጥርሱ ገና ነበር፤ ወንድሜም ይቆይ ብሎ ነበር። ግን የሌላ ድርጅት ጎማ ነው፣ ላዩም ማዕበል ማዕበል ሠርቷል። አምራቾቹ የፊቱና የኋላው አንድ ዓይነት እንዲሆኑ የሚመክሩት በምክንያት ነው፤ ጥንድ ሆነው ነው የሚሞከሩት። የፊት ጎማ ላይ መቆጠብ አይገባኝም። ፍሬን ስትይዙ ክብደቱ ሁሉ እዚያ ነው የሚሄደው። ሁለቱንም ገዛን።

አሁን ወደ ጎሚስታው ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም በእሳቸው ምክንያት ነው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ጎማውን ከቸርኬው ሲያወጡ ከመፍቻ ብረቱ ሥር ፕላስቲክ አደረጉ፣ ቸርኬው እንዳይጫር። ጎማው እኩል እንዲዞር የሚለጠፈውን የድሮውን ሚዛን እርሳስ አንስተው ቸርኬውን ከውስጥ በሽቦ ብሩሽ አጸዱ። ቱብለስ፣ የውስጥ ላስቲክ የሌለው ጎማ፣ ንፋስ የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ እዚያ ባለ ቆሻሻ ነው አሉኝ። ቫልቩን ሳልጠይቃቸው በአዲስ ቀየሩት። የቫልቭ ጎማ ከጎማው እኩል ያረጃል፤ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም። አዲሱን ሲያስገቡ በጎኑ ያለውን ቀስት ሁለት ጊዜ አዩ። ቀስቱ ጎማው የሚዞርበትን አቅጣጫ ነው የሚያሳየው። ተገልብጦ ከተገጠመ ውሃ ማውጫ ቦዮቹ በተቃራኒው ይሆናሉ።

ባላንሱን በማሽን አይደለም የሠሩት። ጎማውን በብረት ዘንግ ሰቅለው ቀስ ብለው ለቀቁት። ከባዱ ወገን ራሱ ወደ ታች ወርዶ ቆመ። ትይዩውን፣ ከላይ፣ ትንሽ እርሳስ ለጠፉ። እንደገና ለቀቁት። ትንሽ ዞረ። ሌላ እርሳስ ጨመሩ። የትም ቢያቆሙት ባለበት ሲቀር ነው የተዉት። ይህ ዘዴ ለሞተር ጎማ ይበቃል፤ ሠሪው ትዕግሥት ካለው።

የኋላውን ሲገጥሙ ካቴናውን በግራና በቀኝ ባሉት ምልክቶች አስተካክለው፣ ልቅነቱን በጣታቸው ለክተው፣ ቸርኬውን የሚይዘውን የፔርኖ ዳዶ ጥብቀቱን በሚለካ መፍቻ (ቶርክ መፍቻ) አጠበቁ። ጨርሰው ቁልፉን ሲሰጡኝ «ወንድሜ፣ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳትጨብጥ እንዳትነሳ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጎማ ሲወጣና ሲገባ የፍሬን ሸራዎቹ ወደ ኋላ ሊገፉ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ጭበጣ ባዶ ይሆናል። «እሺ ጋሼ» ብዬ ጨበጥኩት። የመጀመሪያው በእርግጥም ባዶ ነበር። ያን አንድ ዓረፍተ ነገር ያልነገረኝ ቤት ብዙ ነው፣ በምኖርበት ሀገርም ጭምር። የድሮውን ጎማ ደግሞ ማንም መልሶ እንዳይገጥመው አስፈቅደውኝ ጎኑን በቢላ ቀደዱት።

ቅሬታ ያለኝ በንፋስ ነው። በመንገድ ላይ ጎማ የነፋልን ቤት መለኪያው ልክ አልነበረም፤ በያዝኩት መለኪያ ስለካው በጣም ይለያያል። የዚህ ሞተር ልክ ከፊት 36፣ ከኋላ 42 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው። ልኩ የሚወሰደው ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ነው፣ ከመነሳት በፊት። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተከትሎ የሚነፋም አየሁ። እሱ የጎማው ጣሪያ እንጂ የሞተራችሁ ልክ አይደለም። ትንሽ የኪስ መለኪያ ያዙ፤ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም።

አዲስ ጎማ ላዩ ለስላሳ ነው፣ ገና አይይዝም። ለመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ድንገተኛ ፍሬንና ድንገተኛ ጋዝ ተውኩ፤ ማጋደሉንም ቀስ በቀስ ጨመርኩ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሌላ ሆነ። ኩርባ ላይ ያለ ግፊት ይገባል፣ ባስያዝኩት መስመር ይሄዳል። ወንድሜም ነድቶ ሲመለስ ሳቁ ፊቱን ሞልቶት ነበር።

ለእረፍት መጥታችሁ ሞተር ልትነዱ ካሰባችሁ፣ ከመምጣታችሁ በፊት የጎማውን ጎን ፎቶ አስነሥታችሁ አስልኩ፤ ልኩም ቀኑም እዚያ ላይ አለ። የ17 ኢንች ስፖርት ቱሪንግ ጥንድ በሁሉም ቤት መደርደሪያ ላይ አይገኝም። ቀድማችሁ ካዘዛችሁ ግን ስትደርሱ ይጠብቃችኋል።