ለጠመንጃ ቀለሃ የሚሆን ዳይ አመራረጥ፦ ሦስት ዓይነቶችን ሞክሬ ያየሁት

የተተኮሰ የናስ ቀለሃ በባሩዱ ግፊት ተነፍቶ ጥይቱ የተቀመጠበትን ክፍል ቅርጽ ይዞ ስለሚወጣ፣ ዳግመኛ ከመሞላቱ በፊት ዳይ በሚባል፣ ውስጡ በልክ በተቀረጸ የብረት መሣሪያ ተጨምቆ ወደ ልኩ መመለስ አለበት። ለ.308 ዊንቸስተር ጥይት ቀለሃ ሦስት ዓይነት ዳይ ተጠቅሜያለሁ፤ የአብዛኞቹ ዳዮች ጥርስ አንድ ዓይነት፣ ማለትም 7/8 ኢንች ሆኖ በኢንች 14 ጥርስ ያለው በመሆኑ፣ ሦስቱንም በአንድ መጭመቂያ ላይ እያፈራረቅሁ ለማወዳደር አልተቸገርሁም።

የመጀመሪያው አንገትን ብቻ የሚያጠበው የሊ ኮሌት ዳይ ነው። አንገቱን ከውጭ ጨብጦ መሀል ካለው ዘንግ ጋር ስለሚያጣብቀው ቅባት አይፈልግም፤ አንገቱም ቀጥ ብሎ ይወጣል። ይሁን እንጂ ትከሻውን፣ ማለትም ገላው ወደ አንገቱ የሚጠብበትን ክፍል፣ እንዲሁም ገላውን ስለማይነካ፣ ቀለሃው ከተደጋገመ ተኩስ በኋላ መቀርቀሪያውን እያከበደ ይመጣል። አንድ ዳይ ብቻ ለሚገዛ ሰው አልመክረውም።

ሁለተኛው ቀለሃውን ከአንገት እስከ ታች የሚጨምቅ የተለመደ ዳይ ነበር። አንገቱን ከሚገባው በላይ ያጠበውና ሲወጣ በማስፊያ ኳስ መልሶ ያሰፋዋል፤ ናሱ በከንቱ ይደክማል፣ አንገቱም ሊጣመም ይችላል። እጀታውን ስመልስ ኳሱ በደረቁ አንገት ውስጥ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር፤ አንገቱን በውስጥ በኩል በጥቂቱ መቀባት ጩኸቱን አጠፋው። የእኔው ዳይ ደግሞ ውስጡ በሚገባ ስላልተወለወለ በእያንዳንዱ ቀለሃ ገላ ላይ ያው ቀጭን ጭረት፣ ያው ቦታ ላይ ይታይ ነበር። የአንገቱን መጣመም በተመለከተ ፎርስተር የተባለው ዳይ አምራች ኳሱን ከፍ አድርጎ መስቀሉ ብልህ ሥራ ነው፤ ኳሱ ወደ አንገቱ የሚገባው ቀለሃው ገና በዳዩ ተደግፎ ሳለ ነውና።

የመረጥሁት ሦስተኛውን፣ ቡሺንጉ፣ ማለትም አንገቱን የሚያጠበው ቀለበት፣ የሚለዋወጠውን የሬዲንግ ታይፕ ኤስ ዳይ ነው። ቡሺንጎቹ በ0.001 ኢንች ልዩነት ይገኛሉ። የሞላሁት ጥይት አንገት በውጭ 0.336 ኢንች ስለሆነ የ0.334 ኢንች ቡሺንግ ወሰድሁ፤ አንገቱ አረሩን አጥብቆ ለመያዝ ይህ በቂ ሆኖልኛል። ኳሱን አውጥቶ ለሚሠራ ግን የአንገቱ ውፍረት ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት፤ ካልሆነ ጉድለቱ ወደ ውስጥ ይዞራል።

የትኛውም ዳይ ቢገዛ ካሊፐር የሚባለው ጥቃቅን ልዩነት የሚለካ መሣሪያና የትከሻ መለኪያ አብረው መገዛት አለባቸው። ዳዩን የቀለሃውን መያዣ እስኪነካ አውርዶ ጥቂት መጨመር የሚለው የተለመደ መመሪያ ብዙ ጊዜ ትከሻውን ከመጠን በላይ ይገፋዋል፤ ቀለሃው በየተኩሱ እየተለጠጠ ከመቀመጫው ጥቂት ከፍ ብሎ ይሳሳል፣ በመጨረሻም እዚያው ላይ ይበጠሳል። እኔ መቀርቀሪያው በእጅ ለሚሳብ ጠመንጃዬ ትከሻውን በ0.002 ኢንች ያህል ብቻ እገፋለሁ፤ ልኩን ካገኘሁ በኋላም ማሰሪያ ቀለበቱንና ዳዩን የሚያገናኝ መስመር በቀለም አሰምርበታለሁ፣ ሳላየው ቢዞር እንድነቃበት።