የካውንቲ ጨረታ ለምታስቡ የሜሪላንድ እህቶች፦ ምስጋናና ጥቆማ

ከሁሉ በፊት ጨረታ መግባት ላስተማረችኝ አማካሪ ምስጋናዬ ይድረሳት። ስሟን ሳላስፈቅድ አልጽፍም። የምትሠራበትን ግን ልንገራችሁ፤ ሜሪላንድ ያለው ኤፔክስ አክሰለሬተር ነው። ድሮ ፒታክ የሚባለው ማለት ነው። አነስተኛ ድርጅቶች ለፌዴራል፣ ለስቴትና ለካውንቲ ዕቃና አገልግሎት እንዲሸጡ ያማክራል። ወጪውን መንግሥት ስለሚሸፍን ለምክሩ አይከፈልም።

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አነስተኛ የቢሮ ጽዳት ድርጅት አለኝ። አብረውኝ የሚሠሩት አብዛኞቹ የኛው አገር ሴቶች ናቸው። ሥራውን እናውቀዋለን። የከበደን የጨረታው ሰነድ ነበር።

ይህች ሴት ፎርም ሞልታ አልሰጠችኝም። አጠገቤ ቁጭ ብላ ሰነዱን ማንበብ አስተማረችኝ። በዋጋ ብቻ አሸናፊው የሚለይበት ጨረታ አለ። ለልምድና ለሥራ ዕቅድ ነጥብ የሚሰጥበትም አለ። ሁለቱን መለየት ብቻውን ብዙ ልፋት ያድናል።

ዋጋው ላይ ደግሞ አትቀልድም። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በብዙ የአገልግሎት ኮንትራቶቹ ላይ ለሠራተኛ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ ወስኗል። ያንን ሳያሰላ ዋጋ ያስገባ ሰው ቢያሸንፍም ይከስራል። ደመወዙን፣ ታክሱን፣ ኢንሹራንሱን፣ ሳሙናውንና ወረቀቱን፣ የመኪናውን ወጪ ሳይቀር በሰዓት አካፍለን አሰላነው። የመጀመሪያው ክፍያ እስኪገባ ደመወዝ የምንከፍለው ከራሳችን ስለሆነ፣ ጨረታው ሳይገባ ከባንክ ጋር እንድነጋገርም አደረገችኝ።

ያለፈውን ኮንትራት ማን በስንት እንዳሸነፈ በጽሑፍ መጠየቅ እንደሚቻልስ ታውቁ ነበር? የሜሪላንድ የሕዝብ መረጃ ሕግ ይፈቅዳል። ነጥብ በሚሰጥበት ጨረታ ስትሸነፉም የት ላይ እንደወደቃችሁ እንዲያስረዷችሁ ጠይቁ። እኛ ይሉኝታ ይዞን ዝም እንላለን። እሷ ግን ደብዳቤውን አጽፋ አስላከችኝ። ከመልሱ የተማርኩትን ሌላ ቦታ አላገኘውም ነበር።

ስለ ሰርተፍኬቱ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ኤምቢኢ የሚባለውን፣ ድርጅቱ የአናሳ ማኅበረሰብ አባላት ወይም የሴቶች መሆኑን የሚመሰክረውን ሰርተፍኬት የሚሰጠው የሜሪላንድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። የጽዳት ድርጅትም ቢሆን የሚያመለክተው እዚያው ነው። ማመልከቻው በነጻ ነው። ከድርጅቱ ቢያንስ 51 በመቶው የእናንተ መሆን አለበት፤ የምትመሩትም እናንተው መሆን አለባችሁ። በሚስት ስም ተመዝግቦ ባል የሚያዝበት ድርጅት አያልፍም። ስቴቱ ፕሮግራሙን የጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አሁን ከኮንትራት ወጪው 29 በመቶው እንዲህ ላሉ ድርጅቶች እንዲደርስ ግብ አስቀምጧል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ በራሱ ፕሮግራም ይህንኑ ሰርተፍኬት ይቀበላል።

ይህ ልዩ ጥቅም ለምን አስፈለገ የሚል ሰው ካለ የጎረቤታችንን የቨርጂንያን ከተማ ሪችመንድን ይይ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ከሕዝቧ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ ከተማው በቀጥታ ከሰጣቸው የግንባታ ኮንትራቶች ለአናሳ ማኅበረሰብ ድርጅቶች የደረሰው 1 በመቶ እንኳ አልሞላም። ከተማዋ የግንባታ ኮንትራት ያሸነፈ ድርጅት ቢያንስ 30 በመቶውን ለአናሳ ማኅበረሰብ ድርጅቶች በሳብ ኮንትራት እንዲሰጥ ደንብ አወጣች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 እ.ኤ.አ. ሻረው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ደንብ የሚያወጣ አስተዳደር መድልዎ መኖሩን በጥናት ማስረጃ ማሳየት አለበት። ይህንንም ያስረዳችኝ እሷ ናት።

ሰርተፍኬቱ ግን ብቻውን ሥራ አያመጣም። እዚህ ላይ ደጋግማ ትናገራለች። ከጨረታ በፊት በሚደረገው ስብሰባ ተገኙ፤ ትልልቆቹን ድርጅቶች ተዋወቁ፤ ስለ ሥራችሁ የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። እኛም የጀመርነው ሌላ ድርጅት ባሸነፈው የካውንቲ ሕንፃ በሳብ ኮንትራክተርነት ነው። አሁን በራሳችን ስም ዋጋ እናስገባለን። ለእኔም፣ አብረውኝ ለሚሠሩት እናቶችም ትልቅ ነገር ነው።

አደራ፣ ለምዝገባ ብላችሁ ለማንም ገንዘብ እንዳትከፍሉ። ሳም የሚባለው የፌዴራል ምዝገባም ነጻ ነው። ከተመዘገባችሁ በኋላ ክፈሉ የሚሉ ኢሜይሎች ይጎርፋሉ፤ ዝም በሏቸው።

ቨርጂንያና ዲሲ ያላችሁም በየአካባቢያችሁ ያለውን ኤፔክስ ፈልጉ። ስትሄዱ የንግድ ፈቃዳችሁን፣ የታክስ ወረቀታችሁንና እስካሁን የሠራችሁባቸውን ደንበኞች ዝርዝር ያዙ። እንግሊዝኛው የሚያሳስባት እህት ካለች በውስጥ መስመር ትጻፍልኝ፤ አብሬያት ገብቼ አስተረጉማለሁ።