«ኦርጅናል ነው ኢንጂነር» እያሉ የቦይለር ሬጉሌተር ከሚሸጡላችሁ ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ከበረደ በኋላ «ይቅር፣ ምን ያደርጋል» ማለቴ አይቀርም። እነሱም የሚበሉት በዚህችው «ይቅር» ነው።

ፋብሪካ፣ ሆቴል ወይም ላውንደሪ ውስጥ ቦይለር (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣውን) የምታንቀሳቅሱ ሰዎች፣ መርካቶ ውስጥ የቫልቭና የሬጉሌተር (የግፊት መቆጣጠሪያ) መለዋወጫ የሚሸጡትን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። መደርደሪያው ላይ በአዲስ ቀለም የሚያብረቀርቅ ዕቃ ተደርድሯል። ባለቤቱ ገና ከበር ሲያያችሁ «ኢንጂነር!» ይላል። ቡና ይታዘዛል። ዕቃው ሁልጊዜ የጀርመን ነው። ሁልጊዜ የቀረው አንድ ብቻ ነው። ሁልጊዜ ትናንት አንድ ሰው ቀብድ ሊከፍልበት መጥቶ ነበር።

የሱቁን ስም አልጽፍም። ክስ ልንመሠርት ስለሆነ ስም እንዳልጠራ ተመክሬአለሁ። ግን አንዱን ካያችሁ ሌሎቹንም አያችሁ ማለት ነው።

የምሠራው አቃቂ አካባቢ ያለ አንድ ጨርቅ ማቅለሚያ ውስጥ ነው፤ የጥገና ኃላፊ ነኝ። ቦይለራችን በሰዓት 10 ቶን እንፋሎት ያወጣል። የሚነደው በከባድ ጥቁር ናፍጣ ነው። ይህ ነዳጅ ሲቀዘቅዝ ወፍራም ነው፤ እንኳን ሊረጭ በቧንቧ ለመሄድም ያስቸግራል። ስለዚህ መጀመሪያ በሂተር ከ100 ዲግሪ በላይ እናሞቀዋለን። በርነሩ (ነዳጁን ረጭቶ የሚያነደው) ጫፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ እንፋሎት መትቶ ወደ ደቃቅ ጠብታ ይበትነዋል። ጠብታው ካልደቀቀ ነዳጁ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ጥቀርሻ ሆኖ ቱቦዎቹ ላይ ይለጠፋል።

ፋብሪካው ብዙ እንፋሎት ሲፈልግ የናፍጣው ቫልቭ ይከፈታል፤ በርነሩ ላይ ያለው የናፍጣ ግፊትም ይጨምራል። ያኔ የሚበትነው እንፋሎት አብሮት መውጣት አለበት። እኛ ጋ የእንፋሎቱ ግፊት ምንጊዜም ከናፍጣው በ1.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይበልጣል። ናፍጣው 2.5 ሲሆን እንፋሎቱ 4፤ ናፍጣው 6 ሲደርስ እንፋሎቱ 7.5። ይህን የሚጠብቀው አንድ ሬጉሌተር ነው። በቀጭን ቱቦ የናፍጣውን ግፊት ይቀበላል። ውስጡ ያለው ዲያፍራም፣ ማለትም የሚለጠጠው ስስ ክፍልፍል፣ በዚያ ግፊትና በስፕሪንግ እየተገፋ እንፋሎቱን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ዲያፍራሙ ግን ባንድ ጎኑ ትኩስ ናፍጣ፣ በሌላው ጎኑ እንፋሎት ይጠብቀዋል። ሁለቱንም መቻል አለበት።

የድሮው ሬጉሌተራችን አረጀ። ከአምራቹ ማስመጣት ምን ማለት እንደሆነ አታጡትም። ድሮ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ነበር። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ ዋጋው ራሱ ያስደነግጣል። ግዢ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰበ። ሁለቱ «የለንም፣ ግን እናስመጣለን» አሉ። ሦስተኛው «አለኝ፣ እጄ ላይ ነው» አለ። በቃ፣ አሸናፊው ታወቀ።

የዕቃውን ቁጥር፣ የግፊቱንና የሙቀቱን መጠን በወረቀት ጽፌ ሄድኩ። «ለእንፋሎት ነው። ከላይ ናፍጣ ይገባበታል። ዲያፍራሙ ስቴንለስ ብረት መሆን አለበት» አልኩት። እየሳቀ «ኢንጂነር፣ ለእኛ ይነግሩናል እንዴ? ለስኳር ፋብሪካዎች የምናቀርበው እኮ ይሄንኑ ነው» አለኝ።

ከነካርቶኑ አወጣው። ቀለሙ ገና ይሸታል። የስም ሰሌዳው በሪቬት ተመትቷል፤ ቁጥሩ እኔ ወረቀት ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ጎኑ ላይ የሱቁ ስቲከር አለ፦ የ6 ወር ዋስትና፣ ማህተም፣ ቀን። በኮምፕሬሰር አየር ነፋበትና የግፊት መለኪያው ጌጅ ሲወጣና ሲወርድ አሳየኝ። ቀዝቃዛ አየር ስለ ስፕሪንጉ ይናገር ይሆናል እንጂ ስለ ዲያፍራሙ ምንም አይናገርም። ክዳኑን እንፍታው ስለው «ከተፈታ ዋስትናው ይቀራል፣ የፋብሪካው ሕግ ነው» አለ። ከ200 ሺህ ብር በላይ ተከፈለ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ሬጉሌተር፣ 1» ብቻ ነው። እቺን «ሬጉሌተር፣ 1» ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ትመጣለች።

ገጠምነው። በዝቅተኛ እሳት ሸጋ አድርጎ ሠራ። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን አንድ ጠዋት የማቅለሚያ ማሽኖቹ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሳቡ። ፖሊስተር የሚቀለመው በ130 ዲግሪ ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲሞቁ ቦይለሩ ሙሉ እሳት ይገባል። የናፍጣው ጌጅ ወደ 6 ወጣ። የእንፋሎቱ 4 ላይ ቀረ። ኦፕሬተሩ ጌጁን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ንቅንቅ የለም። ናፍጣው እንፋሎቱን በለጠው ማለት ነው፤ የሚበትነው የለም። ጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ይተፋ ጀመር። እሳቱ ተርገበገበና እሳቱን የሚከታተለው ፎቶሴል ነዳጁን ቆረጠው። እንኳንም ቆረጠው። ያልነደደ ናፍጣ ምድጃው ውስጥ ተጠራቅሞ ድንገት እሳት ቢያገኝ ምን እንደሚሆን ቦይለር ቤት የዋለ ሰው ያውቀዋል። ማሽን ውስጥ የነበረው ጨርቅ ሙቀቱ መሀል ላይ ስለወረደ ዥጉርጉር ሆኖ ወጣ።

ክዳኑን ፈታነው። ዲያፍራሙ ጎማ ነው። ናፍጣ የነካው ጎኑ ወጥ ውስጥ እንዳደረ እንጀራ አብጦ ለስልሷል። እንዲህ የሚሆነው ለሙቅ ውሃና ለእንፋሎት የሚሠራው ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ነው፤ እንፋሎት ይችላል፣ ናፍጣ ሲነካው ያብጣል። ቫይተን የሚባለው ደግሞ ናፍጣ ይችላል፣ እንፋሎት አይወድም። ተራው ኒትሪል 100 ዲግሪ ካለፈ ይደርቃል፤ በ7.5 ባር ያለ እንፋሎት ከ170 ዲግሪ በላይ ነው። ስቴንለስ ብዬ የለፈለፍኩት ለዚህ ነበር። ቀለሙን ፋቅ ስናደርገው ከሥሩ ሰማያዊ ወጣ። ሰሌዳውን ስናነሳ የድሮ ሪቬት ቀዳዳዎች በስቱኮ ተደፍነዋል። የሆነ ቦታ የውሃ መስመር ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ዕቃ ነው። ምናለሽ ተራ በኪሎ ተገዝቶ ቢሆን አይገርመኝም።

ይሄ ሁሉ ያናድዳል። ቢሆንም ሰው ይሳሳታል፣ አስመጪውም እሱን አታሎት ይሆናል ብዬ ነው የሄድኩት። አንድ ወጣት መካኒካችንን ይዤ፣ ዕቃውን በካርቶኑ አድርጌ ገባሁ።

ባለቤቱ ስልኩ ላይ ነው። ቀና አላለም። «እ?» አለ። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የሆነውን ነገርኩት። ዲያፍራሙንም ከፌስታል አውጥቼ አሳየሁት። በአገጩ ወደ ጓዳ ጠቆም አድርጎ «አንተ፣ ና እስቲ ይሄን እየው» ብሎ ልጁን ጠራ። ያ ልጅ ባለፈው ዕቃውን እስከ መኪናችን ተሸክሞልኝ፣ ጉርሻ ተቀብሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ኢንጂነር» ብሎኝ ነበር። ሬጉሌተሩን ከካርቶኑ አወጣና ስቲከር ያለበትን ጎን ወደራሱ አዙሮ ያዘው።

ባለቤቱ አሁን ቀና አለ። ጥያቄ ጀመረኝ። ማን ነው የገጠመው? ኦፕሬተራችሁ ሠርተፊኬት አለው? ፊልተር አድርጋችኋል? የስቲም ትራፕ (ከእንፋሎት መስመሩ ውሃ የሚያስወጣው) አላችሁ? ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሎ አንድ በአንድ ይጠይቃል፣ እኔም አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ትራፕ አለን፣ ፊልተር አለን፣ ሠርተፊኬቱ ይኸው። በዚህ መሀል ችር ችር የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ልጁ ዕቃውን እያጸዳ መስሎኛል። ዞር ስል ስቲከሩን በአውራ ጣቱ ጥፍር ከጥጉ እየላጠው ነው። አልቸኮለም። አልደበቀም። ቀስ አድርጎ ጨረሰው፣ በሁለት ጣቱ አድቦለቦለው፣ ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ባዶ የቡና ስኒ ውስጥ ጣል አደረገው። ከዚያ ዕቃውን ወደ ባለቤቱ አዙሮ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የእኛ ምልክት የለውም» አለ።

«የእኛ ዕቃ ስቲከር አለው» አለ ባለቤቱ። «የታለ?»

መካኒኬ ጮኸ። «አሁን ላጠው እኮ! በዓይናችን እያየን! ስኒው ውስጥ ነው!» ልጁ ስኒውን አንስቶ ወደ ጓዳ ገባ። ሲመለስ ስኒው ታጥቧል።

ቀለሙ ላይ የስቲከሩ ቦታ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል፤ ሙጫው ገና ይጣበቃል። ጣቴን አስነካሁበትና «ይሄስ?» አልኩት። «ሙጫ የትም አለ» አለኝ። ደረሰኙን አወጣሁ። ተቀብሎ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «ሬጉሌተር፣ አንድ። አዎ፣ ሬጉሌተር ሸጠናል። የጋዝ ምድጃም ሬጉሌተር አለው። ይሄ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ካሸሯ ፊቷን አዙራ ሳቀች።

አጠገባችን ሌላ ገዢ ቆሟል፤ ቡናው በእጁ ነው። ባለቤቱ ወደሱ ዞሮ «ይቅርታ ኢንጂነር፣ እንዲህ ዓይነት ሰው በቀን አንድ አይጠፋም። ራሳቸው ያበላሹና ወደኛ» አለው። ለእኔ ግድግዳውን አሳየኝ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። «ዕቃህን አንሳልኝ፣ ሥራ አለን።» አላነሳሁም። ዘበኛው መጥቶ ካርቶኑን አቅፎ አስፋልት ዳር አስቀመጠልን። ያ ሰውዬ ከነቡናው እዚያው ቀረ። ምን እንደገዛ እንጃ።

በነጋታው አንድ የንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። ባለሙያዋ በትህትና አስረዳችኝ። የሸማቾች ጥበቃው አዋጅ 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። ለምርት ሥራ የገዛ ፋብሪካ እዚያ ውስጥ አይገባም። ያለን መንገድ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። እነዚህ ሱቆች ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል ብዬ እጠረጥራለሁ። ደንበኞቻቸው ሁሉ ድርጅት ናቸው። ድርጅት ደግሞ ኮሚቴ ሰብስቦ፣ ቃለ ጉባኤ ጽፎ፣ ጠበቃ እስኪያቆም ሰው ይረሳዋል።

አሁን ሬጉሌተሩን ዘለን፣ በጎን መስመር (በባይፓስ) ነው የምንሠራው። የሚበትነውን እንፋሎት በእጅ ቫልቭ እንይዘዋለን፤ በየፈረቃው አንድ ሰው ሁለቱን ጌጆች እያየ ይቆማል። ለሙሉ እሳት ካስተካከልነው፣ ጭነቱ ሲወርድ እንፋሎቱ ይበዛና እሳቱን ከበርነሩ አፍ አርቆ ያጠፋዋል። ለዝቅተኛው ካስተካከልነው፣ ጭነቱ ሲወጣ ጥቁር ጭስ ነው። ጥቀርሻው ቱቦዎቹን ስለሸፈናቸው የጭስ ማውጫው ሙቀት ጨምሯል። በየ20 ዲግሪው ጭማሪ ከመቶ 1 ያህል ነዳጅ በከንቱ ይሄዳል። የጥቁር ናፍጣ ዋጋ የት እንደደረሰ ለእናንተ አልነግርም። የዚያ ልጅ ጥፍር እስካሁን እየበላን ነው።

ለምትገዙ ሰዎች፦ ክዳኑ ሳይፈታ አትክፈሉ፤ ሻጩ «ዋስትናው ይቀራል» ካላችሁ ውጡ። የዕቃው ቁጥር፣ የዲያፍራሙ ዓይነትና የሚሠራበት ግፊትና ሙቀት ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ዋስትናው በስቲከር ሳይሆን በተፈረመ ወረቀት ይሁን። ዕቃውን፣ ሱቁን፣ ደረሰኙን እዚያው ሆናችሁ ፎቶ አንሱ።

ሌላም አለ። ከዚያ መስመር ቫልቭ ወይም ሬጉሌተር ገዝታችሁ፣ ደረሰኛችሁ ላይ እንደኔው የዕቃው ስምና «1» ብቻ የተጻፈባችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠበቃችን አንድ ከሳሽ ብቻውን ከሚቆም ሁለትና ሦስት ቢሆን ይሻላል ብሏል። በተለይ ስቲከሩ ዕቃው ላይ እንዳለ ፎቶ ያነሳ ሰው ካለ በጣም እፈልገዋለሁ።