የድምፅ መጽሐፍ ቅዱሷ ስፒከር፣ ብሉይ ኪዳንን ሳይዘሉ ለመስማት

ጅማ መርካቶ አካባቢ መንፈሳዊ መጻሕፍትና መዝሙር የሚሸጡ ሱቆች ጋ አንዲት መዳፍ የምታክል ስፒከር አለች፣ ጀርባዋ ላይ ሶላር ያላት፣ ውስጧ ባለው ሜሞሪ ካርድ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ተነቦ የተጫነባት። ሱቄ ገብቶ ያያት ሁሉ ይቺ ምንድናት፣ ስንት ነው፣ ትረባለች ወይ ስለሚለኝ በቃ አንዴ እዚህ ልጻፈውና ለጠየቀኝ ሊንኩን ልላክለት ብዬ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ እጅና እግሬ መኪናው ላይ ነው ጆሮዬ ግን ስራ ፈት ነው፣ ስለዚህ የማወራው እንደ እኔ እየሰራ ለሚሰማ ሰው ነው፣ ቁጭ ብሎ ለማጥናት መጽሐፉ ራሱ ይሻላል።

ዋጋዋ 2,000 ብር ገባ ወጣ ይላል፣ ከተከራከራችሁ ይቀንሳሉ። ድምጿ ለትንሽ ክፍል ከበቂ በላይ ነው ግን የጅማን ዝናብ አትችለውም፣ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር በቃ አጥፏት፣ ኢዮብ ይናገር ወዳጁ ኤልፋዝ ይናገር መለየት አይቻልም። ቻርጅ ጥሩ ትይዛለች፣ መብራት ሲሄድ የሲንጀሬን ፔዳል እየረገጥኩ እሷን እሰማለሁ። ሶላሩ ግን ለወጉ ነው የተለጠፈው፣ ክረምት ላይማ ጭራሽ። ንባቡ የ1954ቱ ትርጉም ነው፣ አንድ ሰውዬ ነው ያለ ሙዚቃ ያለ ድራማ የሚያነበው፣ አንዳንዱ ይሰለቸው ይሆናል እኔ ግን ወድጄዋለሁ ምክንያቱም ነጎድጓድና በግ ጩኸት የሚያስገቡበት አይነት ቅጂ ሰምቼ ራስ ምታት ነው የለቀቀብኝ። ኦርቶዶክስ የሆናችሁ ደሞ ልብ በሉ፣ 66ቱ ብቻ ነው ያሉት፣ ሔኖክም ኩፋሌም ጦቢትም የሉም፣ ሻጩ ሙሉ ነው ቢላችሁ እንዳትሸወዱ።

ትልቁ ችግሯ ማስታወስ አለመቻሏ ነው። ካጠፋችኋት የመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ትመልሳችኋለች፣ በተኗም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እንጂ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ አትዘልም። ይሄ ሩት ላይ ምንም አይደለም፣ ኤርምያስ ላይ ግን 52 ምዕራፍ ነው ወንድሜ።

እንዲያም ሆኖ የምመክራት አንባቢው ስለማይዘል ነው። ስብከት ላይ የምንሰማው ብሉይ ኪዳን ተመርጦ ነው የሚመጣው፣ ዳዊትና ጎልያድ፣ ዳንኤልና አንበሶቹ፣ ዮሴፍ ከእስር ቤት ወደ ዙፋን፣ ጀግና በጀግና ነው። በተርታ ስትሰሙት ግን ጀግና የሚባል ሰው እየጠፋ ነው የሚሄደው። አብርሃምን ውሰዱ፣ ዘፍጥረት 12 ላይ ታላቅ ሕዝብ አደርግሃለሁ ተብሎ ገና ምዕራፉ ሳያልቅ ግብፅ ወርዶ ሚስቱን እህቴ ናት ይላል፣ ምዕራፍ 20 ላይ ያችኑ ነገር አቢሜሌክ ላይ ይደግማታል፣ 26 ላይ ደሞ ልጁ ይስሐቅ እዛው ጌራራ ሄዶ የአባቱን ውሸት እንዳለች ይወርሳታል። በንባብ ከሆነ በመሀል ቀናት ስለሚያልፉ ላይታወቃችሁ ይችላል፣ እኔ ግን አንድ ሱሪ ሳልጨርስ ሶስቴ መጣችብኝ።

መሀል ላይ ታዲያ ምዕራፍ 15 አለ፣ እግዚአብሔር ከአብርሃም ጋር፣ ያኔ ስሙ አብራም ነው፣ ቃል ኪዳን የሚገባበት። ጊደሩ፣ ፍየሏ፣ በጉ ለሁለት ተሰንጥቀው ትይዩ ተቀምጠዋል፣ አሞራ ሲወርድበት አብራም ያባርራል፣ ፀሐይ ስትገባ ከባድ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ከዛ የሚጤስ ምድጃና የእሳት ነበልባል በተከፈለው ሥጋ መሀል ያልፋል። በዛ ዘመን እንዲህ በተሰነጠቀ እንስሳ መሀል የሚያልፍ ሰው ቃሌን ባፈርስ እንደዚህ ልሁን እያለ ነው፣ ኤርምያስ 34 ላይ ራሱ ያለፉትና ያፈረሱት ሰዎች እንደዛ እንደሚሆኑ ተነግሯቸዋል። እዚህ ጋ ግን አብራም አላለፈም፣ ተኝቷል። ያለፈው አንዱ ወገን፣ እግዚአብሔር፣ ብቻ ነው። ይሄን ድጋሚ መስማት ፈልጌ ወደ ኋላ መመለሻ የላትም እኮ፣ ዘፍጥረትን ከአንድ ጀመርኩላችሁ።

ዘጸአት 32፣ አሮን ላይ ግን ብቻዬን ነው የሳቅኩት። ሕዝቡ እግዚአብሔር ያለውን ሁሉ እናደርጋለን ብሎ ከማለ ስንት ጊዜው ነው፣ ሙሴ ተራራ ላይ 40 ቀን ቆየ ብለው ጥጃ ሰሩ፣ አሮን ሲጠየቅ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ ወርቁን እሳት ውስጥ ጣልኩት ይህም ጥጃ ወጣ። ወጣ! ራሱ በመቅረጫ እንደቀረፀው ከፍ ብሎ ተነቧል እኮ። እኔ ጋ ሱሪ አበላሽቶ መቀሱ ነው የሚለኝ ተለማማጅ ነበር፣ እሱን አሮን ብዬው ቀረ። ከዛ ግን ሁለት ምዕራፍ አለፍ ስትሉ፣ 34 ላይ፣ የተሰበሩት ጽላቶች ድጋሚ ይቀረጻሉ፣ እግዚአብሔር ራሱን መሓሪ፣ ታጋሽ፣ ባለ ብዙ ቸርነትና እውነት ብሎ የሚጠራው ጥጃው ከተሰራ በኋላ ነው፣ በፊት አይደለም። ይሄን ቅደም ተከተል ስብከት ላይ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

መሳፍንት ከማሽኗ ችግር ጋር ተደምሮ ማበድ ነው። ጎቶንያል፣ ናዖድ፣ ዲቦራ፣ ጌዴዎን፣ ዮፍታሔ፣ ሶምሶን፣ ሕዝቡ ይበድላል፣ ለጠላት ይገዛል፣ ይጮኻል፣ ይድናል፣ ምድሪቱ ታርፋለች፣ መልሶ ይበድላል። ባትሪ ባለቀ ቁጥር ደሞ ማሽኗም ወደ ምዕራፍ አንድ ትመልሰኛለች። ምዕራፍ 19 ሲደርስ ግን ልጅ የያዘ ደንበኛ ካለ ድምፁን ቀንሱ፣ የሌዋዊው ቁባት ታሪክ ነው፣ አንባቢው ያለ ርኅራኄ እንዳለ ያነበዋል።

አንድ ቀን ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች እናት ቁጭ ብላ እየጠበቀች፣ ሙስሊም ናት፣ ሁለተኛ ሳሙኤል 11 ላይ ደረስን። ዳዊት ሰገነቱ ላይ፣ ቤርሳቤህ፣ ከዛ ባሏን ኦርዮን ጦሩ ፊት አስቁሙትና ሽሹበት የሚለው ደብዳቤ፣ ደብዳቤውን የተሸከመው ደሞ ራሱ ኦርዮ። "ልጄ፣ ይሄ ዳውድ ያ ነቢዩ ዳውድ ነው?" አለችኝ። አዎ እማማ አልኳት። "እኛ ነቢዩን እንዲህ አንልም" ብላ ዝም አለች፣ እኔም ላጥፋው ወይ ስላት ተወው እስኪ አለችኝ። ነቢዩ ናታን መጥቶ የድሃውን ሰውዬ አንዲት በግ ታሪክ ነግሮት ዳዊት ተቆጥቶ ያ ሰው ሞት ይገባዋል ሲል፣ ናታንም ያ ሰው አንተ ነህ ሲለው "ውይ!" ብላ አፏን ያዘች። ቀሚሷ አልቆ ሒሳብ ከፍላ ራሱ ዳዊት ከቤርሳቤህ የወለደውን ልጅ መጨረሻ ሳትሰማ አልሄደችም፣ ልጁ ሞተ። እኔ ያኔ ነው ያስተዋልኩት፣ ምዕራፍ 7 ላይ ዙፋንህ ለዘላለም ይጸናል ተብሎለታል፣ ያ ቃል አልተነሳም፣ የኦርዮ ደም ግን እንደዋዛ አልታለፈም፣ ሰይፍ ከቤትህ አይርቅም ተባለ፣ ልጆቹ ላይ ከአምኖን እስከ አቤሴሎም ደግሞ ታያላችሁ። ሁለቱ ነገር ባንድ ላይ ነው የሚሄደው፣ አንዱን ብቻ የሚሰብክ ሰው አሁን አሁን ቶሎ ነው የማውቅበት።

ነገሥት ላይ ንጉሡ ይለዋወጣል፣ ፍርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፣ በእግዚአብሔር ፊት ክፉ አደረገ። የሰሜኑ መንግሥት በ722 ቅድመ ክርስቶስ ያልቃል፣ ኢየሩሳሌምም በ586 ትቃጠላለች። የይሁዳ ነገሥታት ሲበድሉ ለዳዊት መብራት ይሆንለት ዘንድ የምትል አባባል እየተመላለሰች ትመጣለች፣ ጆሮ ላይ ትቀራለች። መጨረሻው ላይ ሁሉ ከፈረሰ በኋላ የይሁዳ ንጉሥ ዮአኪን በተማረከ በ37ኛው ዓመት ከእስር ይወጣል፣ ልብሱን ይለውጣል፣ ከባቢሎን ንጉሥ ማዕድ ይበላል፣ በቃ እዛ ላይ ያልቃል። ሌላ ማብራሪያ የለም። እኔ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ይሁን አላውቅም ያቺ ልብሱን ለወጠ የምትለው ናት የያዘችኝ።

መዝሙር ላይ አንባቢው ትንሽ ደከም ይላል፣ ሁሉንም ባንድ ዜማ ነው የሚወርደው። 136 ላይ ምሕረቱ ለዘላለም ነውና የምትለዋ 26 ጊዜ ስትመጣ እንደ ቁጥር ቆጠራ ነው ያነበባት፣ ያሳዝናል። 89 ላይ ግን ይሄው ደረቅነቱ ሰራለት። ለዳዊት የተገባው ኪዳን በረጅሙ ይመሰገናል፣ ከዛ ድንገት ዞሮ አንተ ግን ጣልኸው ይላል፣ የቀድሞው ምሕረትህ የት ነው ብሎ ይጠይቃል። ታማኝ ነህ ያለው ያው ሰው ሲከራከር ነው የምትሰሙት፣ አንባቢው ድምፁን አልለወጠም፣ እኔ ነኝ መኪናውን ያቆምኩት።

ነህምያን ደሞ እንዳትዘሉ። ምዕራፍ 9 ላይ ሕዝቡ ከአብርሃም ጀምሮ የአባቶቻቸውን በደልና የእግዚአብሔርን ትዕግስት ቆጥረው ይጸልያሉ፣ 10 ላይ ከእንግዲህ ከአሕዛብ አንጋባም፣ ሰንበት አንገበያይም፣ የቤተ መቅደሱን ነገር አንተውም ብለው በማኅተም ያጸድቃሉ፣ 13 ላይ ነህምያ ሄዶ ሲመለስ ሶስቱንም አፍርሰው ይጠብቁታል። ሰውየው ተናዶ ፀጉራቸውን ነጨ! ማኅተሙ እንኳ ስንት ዓመት እንደቆየ እግዜር ይወቀው።

ከአምስት አራት ሰጥቻታለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለዛ ለማታስታውሰው ነገር ነው። ዋስትና የሚባል ነገር የለም ስለዚህ ከሱቅ ሳትወጡ ሞክሯት፣ ዘፍጥረትን ብቻ አይደለም፣ የጎረቤቴ ካርድ ሕዝቅኤል ላይ ተቋርጦ ወንጌል ይጀምርበት ነበር፣ የመጨረሻዎቹን ነቢያት አንድ በአንድ ክፈቷቸው። ሐሙስ ባትሄዱ ይሻላል፣ በገበያ ቀን ባለሱቁ እንድታዳምጡ ጊዜ አይሰጣችሁም። የኦሮምኛም አለ ብለዋል፣ የሰማችሁት ካላችሁ አንባቢው እንዴት እንደሆነ ኮመንት ላይ ንገሩን፣ እናቴ ፈልጋለች።