ቤት ላፈላለጉልን እናት ምስጋና፣ ከትልቅ ከተማ ወጣ ብላችሁ ለመኖር ላሰባችሁ ደግሞ ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ ልጻፍ ካልኩ ዓመት አልፎኛል። «ትንሽ እንኑርበትና ይታይ» ብዬ ነው ያቆየሁት። ሰው አዲስ ቤት በገባ ማግስት የሚያመሰግነው ስለ ግድግዳው ቀለምና ስለ መስኮቱ ነው። አሁን ግን ትልቁ ልጄ እዚህ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ጨርሷል። እኔና ባለቤቴም የመንገዱን ክፉና ደግ አይተናል። ስለዚህ ምስጋናዬ የሞቅታ አይደለም።

የማመሰግናቸው እናት ደላላ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል፣ ቃላቸውን አከብራለሁ። ደላላ ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን ያጠቁራል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ፣ ምክንያትም ነበረኝ።

ከእሳቸው በፊት ሌላ ሰው ይዘን ነበር። ከትልቁ ከተማ ወጣ ያለች፣ ዛፍ የበዛባት ትንሽ ከተማ አሳየን። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ጓሮ አለው፣ ልጆቹ ገና እንደገቡ ክፍል መከፋፈል ጀመሩ። «ከመሥሪያ ቤታችሁ 25 ደቂቃ ናት» አለን። እውነትም ስንሄድ 25 ደቂቃ ነው የፈጀብን። የሄድነው ግን እሁድ ጠዋት ነው። ቀብድ ልንከፍል አንድ ቀን ሲቀረን ባለቤቴ ከሥራ እንደወጣ በዚያው መንገድ ሄዶ ሞከረው። 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። እዚያ ደርሶ ሲደውልልኝ ድምፁ ዝሎ ነበር። «እኔ ይህንን በየቀኑ አልችለውም» አለኝ። ተስፋ ቆርጠን ነገሩን ልንተወው ስንል ነው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወደ እሳቸው የመራችን።

መጀመሪያ ስንገናኝ የቤት ፎቶ ያሳዩናል ብለን ነበር የጠበቅነው። እሳቸው ደብተር አወጡና «እስቲ ልጆቼ፣ ከእንቅልፍ ከምትነሱበት ጀምራችሁ እስክትተኙ ድረስ ቀናችሁን ንገሩኝ» አሉን። ማን ቀድሞ ይነሳል? ትልቁን ማን ትምህርት ቤት ያደርሳል? ትንሿ የት ትውላለች? በሳምንት ስንት ቀን ቢሮ መገኘት ግዴታችሁ ነው? አንድ ሰዓት ያህል ጠየቁን። ስለ ገንዘብ ያነሱት መጨረሻ ላይ ነው።

ከጥያቄዎቻቸው ሁሉ ግን አንዷ እስከ ዛሬ አትረሳኝም። «ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ተደውሎ ልጁ ትኩሳት ይዞታል ቢሏችሁ፣ ማን በስንት ደቂቃ ይደርስለታል?»

እኔና ባለቤቴ ተያየን። ሁለታችንም የምንሠራው ትልቁ ከተማ ውስጥ ነው። ልጆቹ ትንሿ ከተማ ሊውሉ ነው። እኛ ያሰብነው ስለ ጠዋቱ ጉዞና ስለ ማታው ጉዞ ብቻ ነበር። መሀል ላይ ስላለው ቀን አንድም ጊዜ አላሰብንም። እሳቸው ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይገኝ አንድም ቤት እንደማያሳዩን ቁርጡን ነገሩን። ከሁለታችን አንዳችን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ልጆቹ ጋ መድረስ አለብን፣ ካልሆነ ደግሞ እዚያው የሚኖር የምናምነው ሰው ያስፈልገናል። ባለቤቴ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት ለመሥራት አለቃውን የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ለቀሩት ቀናት የባለቤቴ እናት አብረውን ለመኖር ተስማሙ። ከተማ መምረጥ ሳንጀምር ቤተሰባችንን እንደ አዲስ አደራጀን ማለት ነው።

ከዚያ ወደ መንገዱ መጣን። እሳቸው «ባቡሩ 35 ደቂቃ ነው» የሚባል ወሬ አይቀበሉም። ያ ከጣቢያ እስከ ጣቢያ ነው። እኛ የምንኖረው ጣቢያ ውስጥ አይደለም፣ ቢሯችንም ጣቢያ ውስጥ አይደለም። ከቤት በር እስከ ቢሮ በር መቆጠር አለበት። እስከ ጣቢያው ያለው እግር ጉዞ፣ መኪና ማቆሚያ ፍለጋው፣ መጠበቁ፣ እዚያ ከወረዱ በኋላ ያለው ሌላ ጉዞ። ሌላም ነገር ነገሩን፣ ይህ ለእኔ ፍጹም አዲስ ነበር። አንዱ ቢያመልጣችሁ የሚቀጥለው ስንት ደቂቃ ያስጠብቃል? በየ10 ደቂቃው የሚመጣ ባቡር ሲያመልጥ ምንም አይደለም። በሰዓት አንድ ጊዜ የሚመጣ ከሆነ ግን ከስብሰባ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ የወጣ ሰው ልጆቹን ተኝተው ነው የሚያገኛቸው። የመጨረሻው የማታ ባቡር ስንት ሰዓት እንደሆነም አስጠየቁን።

እዚያው ቁጭ ብለን ሒሳብ ሠራን። በአንድ ጉዞ 45 ደቂቃ ማለት በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በሳምንት አምስት ቀን ከሆነ 7 ሰዓት ተኩል። በዓመት 46 የሥራ ሳምንት ብንይዝ 345 ሰዓት ይመጣል። ይህ ስምንት ስምንት ሰዓት የሚሠራባቸው 43 የሥራ ቀናት ነው። ያችን የእሁድ ጠዋት ቤት፣ የ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃዋን፣ በዚሁ ስናሰላት ወደ 67 የሥራ ቀናት ወጣች። ባለቤቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። እስካሁን የማስታወሻ ደብተሩ ውስጥ አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ማታ ማታ ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ ጀመርኩ። ቼዛሬ ማርኬቲ የሚባል ጣሊያናዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ጽሑፍ ሰው በየዘመኑ ለጉዞ የሚያውለው ጊዜ በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ነው ይላል። መጓጓዣው ሲፈጥን ቤታችንን እናርቃለን እንጂ ሰዓቱን አንቆጥብም። አሎይስ ስቱትሰርና ብሩኖ ፍራይ የሚባሉ ሁለት የስዊዘርላንድ ኢኮኖሚስቶች ደግሞ የጀርመን ነዋሪዎችን መረጃ ይዘው እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰው ረጅም መንገድ የሚቀበለው በምላሹ የተሻለ ቤት ወይም የተሻለ ደመወዝ ስለሚያገኝ ነው፣ ስለዚህ መካካስ ነበረበት። እነሱ ያገኙት ግን መንገዱ የረዘመባቸው ሰዎች በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ያለ መሆኑን ነው። ይህን ሳነብ እሳቸው ለምን ሰዓት ላይ ያን ያህል ድርቅ እንዳሉ ገባኝ። እሳቸው ጥናቱን አላነበቡትም። ለዓመታት ያዩትን ነው የሚናገሩት። ቤት ያፈላለጉላቸው ሰዎች በዓመቱ ተመልሰው «አውጡን» ሲሏቸው አይተዋል።

ቀጥለው የሰጡን ሥራ አለ። ሥራ ያልኩት በእውነት ሥራ ስለሆነ ነው። ሦስት ከተሞች መረጡና እያንዳንዷን በአዘቦት ቀን፣ እዚያ እንደሚኖር ሰው ሆነን እንድንሞክራት አዘዙን። ከቢሮ በተለመደው ሰዓት መውጣት። ዝናብ ከዘነበ እሰየው፣ በዝናብ መሄድ። ከዚያ ደግሞ በሌላ ቀን ተማሪዎች በሚለቀቁበት ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ መቆም። «ርዕሰ መምህሩ ጥሩ ጥሩውን ይነግራችኋል፣ በር ላይ የቆመ ወላጅ ግን የቤቱን ጉድ ያውቃል» አሉን።

እውነት ነው። ከሦስቱ መካከል አንዷን በጣም ወድደናት ነበር። ጸጥ ያለች ናት፣ መንገዷም ለቢሮ ቅርብ ነው። በር ላይ ቆማ ልጇን የምትጠብቅ አንዲት እናት አነጋገርኩ። ትምህርቱ ጥሩ እንደሆነ ነገረችኝ። ግን ከትምህርት በኋላ ልጅ የሚቆይበት ምንም ቦታ የለም። ከዚያም በላይ ከፍ ያሉት ክፍሎች እዚያ የሉም። ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው በአውቶቡስ ሌላ ከተማ ሄዶ ይማራል። የእኔ ልጅ 9 ዓመቱ ነው። ሦስት ዓመት ምን አላት?

እኔ ግን ልቤ እዚያ ቀርቶ ስለነበር «ችግር የለውም፣ ያኔ እናስብበታለን» አልኩ። ገንዘቡ ተዘጋጅቷል፣ አከራዩም ዝግጁ ነው። እሳቸው ነበሩ እምቢ ያሉት። «ልጄ፣ ይህችን አልሰጥሽም። ከሦስት ዓመት በኋላ ልጁን ከጓደኞቹ ስትነቅይው ነው የምትሰሚኝ» አሉኝ። ኮሚሽናቸው እጃቸው ሊገባ ሲል ተዉት። የዚያን ቀን ትንሽ ተቀይሜያቸው ነበር። ዛሬ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

አሁን የምንኖርባት ከተማ ከሦስቱ መልኳ የመጨረሻ ነበረች። ቤቱም ካሰብነው ይጠባል። እሳቸው ግን መጀመሪያ ቤቱን አላሳዩንም። ትልቁን ልጅ ይዘን ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ቤቱ በእግራችን እንድንሄድ አደረጉን። 11 ደቂቃ። ፈጣን መኪና የሚሄድበት መንገድ አንድም አልተሻገርንም። እሳቸው ከኋላ ሆነው ዝም ብለው የልጁን እግር ነበር የሚያዩት። የት ይቆማል፣ የት ይፈራል። አንድ ጥግ ላይ ልጁ ቆም ሲል ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ያንን ጥግ ለብቻው ደጋግመን አስተማርነው።

ለካ ይህ የድሮ ሐሳብ ነው። ክላረንስ ፔሪ የሚባል አሜሪካዊ የከተማ ዕቅድ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1929 ባቀረበው የሰፈር ንድፍ ትምህርት ቤቱ መሀል ላይ ይሆናል፣ ትልልቅ መንገዶች ደግሞ በዳር ያልፋሉ። ልጅ ዋና መንገድ ሳይሻገር እንዲማር ብሎ ነው። ፍጥነቱንም ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡት የአገራት ሚኒስትሮች እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳይበልጥ ጠይቀዋል። ምልክቱ መተከሉ ብቻ ግን አይበቃም። ቆሞ ማየት ነው። ሾፌሩ በእርግጥ ያዘግማል ወይስ ምልክቱን እንዳላየ ያልፋል?

የመኪናው ነገር ለጉርብትናም ይተርፋል። ዶናልድ አፕልያርድ የሚባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተመሳሳይ ሰዎች የሚኖሩባቸውን ሦስት መንገዶች አጥንተው ነበር። መኪና በማይበዛበት መንገድ የሚኖር ሰው እዚያው መንገዱ ላይ ያሉት ጓደኞች መኪና በሚበዛበት ከሚኖረው ሦስት እጥፍ ይበልጣሉ። እኛ በመጣን በሁለተኛው ሳምንት ልጄ የጎረቤት ልጅ ስም እየጠራ ወደ ውጭ ሲሮጥ ይህ ቁጥር ትዝ አለኝ።

ሌላው ውለታቸው ስለ ወጪው ነው፣ ባጭሩ ልንገራችሁ። ራቅ ሲባል ኪራዩ ይቀንሳል፣ ሰውም የሚያየው እሱን ነው። እሳቸው ግን የኪራዩን ቅናሽ በአንድ ጎን፣ የሁለተኛ መኪና፣ የነዳጅና የወር ትኬት ወጪን በሌላ ጎን አስጻፉን። ሁለት መኪና የምታስገድድ ከተማ ቅናሹን በላችው። በአንድ መኪና የምታኖር ከተማ ግን ኪራይዋ ትንሽ ቢወደድም አተረፈችን። ከመግዛታችን በፊት ለስድስት ወር ተከራይተን እንድንኖርም የመከሩን እሳቸው ናቸው።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ፍለጋው አምስት ወር ፈጅቷል። የሚቸኩል ሰው ከእሳቸው ጋር አይስማማም። ልጄም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ማታ ማታ አልቅሷል። ይህንን ቀድመው ነግረውኝ ነበር፣ ቢሆንም ሲመጣ ከበደኝ። የድሮ ጓደኞቹን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እንድናገናኘው ያሉንን አደረግን። ቀስ በቀስ «እነሱ ደግሞ እዚህ ይምጡ» ማለት ጀመረ።

እሳቸውን ባታገኙ እንኳ እንደ እሳቸው ያለ ሰው ፈልጉ። እኔ አሁን በሁለት ነገር እለያለሁ። ከቤቱ በፊት ስለ ቀናችሁ የሚጠይቅ ሰው ከሆነ አትልቀቁት። ደግሞ ከወደዳችሁት ቤት አንዱን «ይቅርባችሁ» ብሎ ያውቃል? ሁሉም ቤት ጥሩ ነው የሚላችሁ ሰው የሚያወራው ስለ ኮሚሽኑ ነው።

ባለፈው ወር ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ከትንሿ ልጄ መዋያ ተደወለ። ትኩሳት ይዟታል። እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ባለቤቴ ቤት የሚሠራበት ቀን ነበር፣ በእግሩ ሄዶ በሰባት ደቂቃ አቀፋት። ማታ ደውዬ ነገርኳቸው። ስለ ራሳቸው ምክር ምንም አላሉም። «አሁንስ በረደላት?» ነው ያሉኝ።

እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ብቻ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አትደውሉላቸው። ያ ሰዓት የልጅ ልጆቻቸው ነው።