ፋሲልን አይታችሁ ቁስቋምን እንዳትዘሉ

ከዴንቨር ጎንደር የገባሁት ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ፋሲል ግቢን በመጀመሪያው ቀን ጎበኘሁ። ስለ እሱ ሁሉም ይጽፋል፤ እኔ የማወራው ከከተማዋ በላይ ኮረብታው ላይ ስላለው የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ፣ ስለ ቁስቋም ነው።

ከፒያሳ ባጃጅ ኮንትራት ያዝኩ። ሹፌሩ ጫማዬን አይቶ ዋጋ ጠራ። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ» ስለው ሳቀና ግማሹን ቀነሰልኝ። ግማሹም ቢሆን እህቴ ከምትከፍለው እጥፍ እንደሆነ ማታ ሰማሁ። ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። ያረፍኩበትን ሆቴል ስም አልጠራም፤ ሙቅ ውሃ «አሁን ይመጣል» እየተባልኩ ሦስት ቀን አደርኩ።

አስጎብኚዬ ግን ሌላ ነው። ገና ልጅ ነው። ዳገቱን ስንጀምር «ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ፣ ከፍታው ይይዛል» አለኝ። ዴንቨር የሚኖር ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ግን ጎንደር ከዴንቨር 500 ሜትር ያህል ትበልጣለች፤ መሃል ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ሰበሰብኩ።

ምንትዋብ ባላቸው አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲያርፉ በሕፃኑ ልጃቸው በኢያሱ ስም አገር ገዙ። ከቤተ መንግሥቱ ግርግር ራቅ ብለው እዚህ ግንብና ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያንን አሠሩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እዚሁ በእንግድነት ተቀምጦ የፈንጣጣ ሕሙማንን አክሟል። እ.ኤ.አ. በ1888 ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም አልተረፈችም። ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ እንደገና ተሠራ። ግንቡ ጣሪያ የለውም፤ ድንጋዩ ላይ የተቀረጹት መስቀሎች ግን ዛሬም ይታያሉ። ልጁ አንዱንም ሳያሳየኝ አላለፈም።

ከማማው አጠገብ ቆሜ ወደ ታች አየሁ። ቆርቆሮው በፀሐይ ያብለጨልጫል። የፋሲል ግንብ ክብ ጉልላቶች ከዛፉ መሃል ብቅ ብለዋል። እናቴ እሑድ እሑድ ወዲህ ስታመጣኝ ዳቦውን እንጂ ይህን አላይም ነበር። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ጭጋግ ይጋርደዋል። ዝርዝር ብር፣ ሴቶች ነጠላ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ያዙ።

መጨረሻ ላይ አንድ አባት የነገሥታቱን አጽም አሳዩን። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ ነው። ሣጥኑን ሳየው ያን ሁሉ ግንብ ያሠራች ሴት እዚህ ውስጥ ትገባለች ብዬ ማመን አቃተኝ።

«ምንትዋብ ይህች ናት?» አልኩ።

ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ናቸው፣ ጋሼ» አለኝ።

ከተስማማነው ላይ ጉርሻ ጨመርኩለት።