የአባቴን ስላይድ ዲቪዲ ላይ የጫነልኝ ልጅ (ጅማ፣ ሄርማታ)

አባቴ ከመምህርነት ጡረታ ሲወጣ የድሮ ፎቶዎቹን ሰብስቤ በፓወር ፖይንት ስላይድ ሠራሁለት። 64 ፎቶ፣ ከሥሩ አጭር ጽሑፍ፣ ከኋላ ክራር። በሽኝቱ ላይ በፕሮጀክተር ሲታይ ያላለቀሰ የለም። ከዚያ ዘመድ ሁሉ "ለእኔም ስጪኝ" አለ። ስማርት ስልክ ላለው በቴሌግራም ላክሁ። አጋሮ ያለችው አክስቴ ግን ያላት ቴሌቪዥንና ዴክ ነው፤ እንደሷ ያሉ ሌሎች አምስት ቤቶችም አሉን።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቤት ፋይሉን ከፍላሽ ወደ ሲዲ እንዳለ ገልብጦ ሰጠኝ። አጋሮ ይዤው ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ሁሉም ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ዴኩ ሲዲውን ትንሽ አሽከረከረና አላነብም አለ። አውጥተን በነጠላ ጠርገን መለስነው፤ ያው ነው። አክስቴ ምንም አላለችኝም፣ ዝም ብላ ሲኒ ማቀበል ጀመረች። አንጀቴን በላችው።

ሄርማታ ያለችው ትንሿ ኮምፒውተር ቤት የተለየችብኝ እዚህ ላይ ነው። ልጁ ፍላሹን ገና ሳይቀበለኝ "እህቴ፣ በምንድነው የሚያዩት? በኮምፒውተር ነው በዴክ?" አለኝ። በዴክ ስለው ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ዴክ የፓወር ፖይንት ፋይል አያውቅም። ስላይዱ መጀመሪያ ወደ ቪዲዮ ይቀየራል፣ ከዚያ እንደ ፊልም ዲቪዲ ሆኖ ራይት ይደረጋል፤ ቪዲዮውን እንደ ተራ ፋይል መጫን ብቻውን ለብዙ የድሮ ዴክ አይሆንም።

ሲቀይረው አጠገቡ ነበርኩ። ፓወር ፖይንት ካልነገሩት ለእያንዳንዱ ስላይድ የሚሰጠው 5 ሰከንድ ነው። ልጁ አባቴ ከተማሪዎቹ ጋር ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፊት የቆመበትን ስላይድ ከፍቶ ጽሑፉን ድምፅ አውጥቶ አነበበው። ሳይጨርስ ስላይዱ አለፈ። "እናቶች ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት" ብሎ ሁሉንም 10 ሰከንድ አደረገው። ፊደሉንም ከፍ አደረገልኝ፣ ምክንያቱም በዲቪዲ ፊልም ምስሉ 720 በ576 ነጥብ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ጽሑፍ ይደበዝዛል። በፓወር ግዕዝ ነበር የጻፍኩት፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ይበላሽ ነበር፣ በቪዲዮ ግን ከምስሉ ጋር ስለሚቀረጽ ያ ስጋት የለም።

አራተኛውን ራይት ሲያደርግ መብራት ጠፋ። አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ዲቪዲ መሃል ላይ ከተቋረጠ አበቃለት። የተበላሸውን አላስከፈለኝም። መብራት ሲመጣ ስድስቱንም ጨርሶ፣ ጥግ ላይ ባለችው አሮጌ ዴክ አንድ በአንድ እያስገባ አሳየኝ። ይሄን ሌላ ቦታ አላየሁም።

የማይመች ነገርም አለ። ቤቷ ጠባብ ናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለፕሪንት ይሰለፋሉ፣ ከሰዓቱን ሙሉ እዚያው ዋልኩ። ማሸጊያውም ስስ ወረቀት ነው፤ የፕላስቲክ መያዣ ከውጭ ገዛሁ።

አክስቴ ቅዳሜ ደወለች። ሦስቴ አይታዋለች፣ የጅሬኑ ላይ ስትደርስ ዴኩን እያቆመች። አንድ ተጨማሪ ቅጂ ለጎረቤቷ አዛኛለች፣ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ሳይበዛ ልጁ ጋ እሄዳለሁ።